የተሰፋው ብረት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የልጅ ልጅ አፉ ቆስሎ ከፋርማሲ ሐምራዊ መድኃኒት መጣለት። «እኔ ልቀባው» ብዬ ጠርሙሱን ስከፍት ጣቶቼ ላይ ፈሰሰ። ጄንሽን ቫዮሌት ነው፤ እኛ በሥራ ዘመናችን በአጭሩ ጂቪ እንለው ነበር። በሳሙና አጠብኩት፣ በሎሚ ፈተግኩት፣ አልለቅ አለ። የልጁ እናት «ይተዉት እቴቴ፣ በራሱ ጊዜ ይለቃል» አለችኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጣቴን ሳይ ዋልኩ። ይህን ቀለም በዕድሜዬ ስንት አፍና ስንት ቁስል ላይ እንደቀባሁት አላውቅም። ባየሁት ቁጥር ትዝ የሚለኝ ግን አንድ በሽተኛ ነው፤ እሱም ሰው አልነበረም፣ ብረት ነበር።

መካነ ኢየሱስ ነው ነገሩ፣ እስቴ። ሁሉም ሰው ጓድ ይባል የነበረበት ዘመን። ሻይ በአሥር ሳንቲም ትጠጣለች፤ ጎረምሶቹ እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ አጥልቀው የመንገዱን አቧራ ይጠርጋሉ፤ ጸጉራቸውን አጎፍረው በማበጠሪያ ወደ ላይ ይወቅሩታል። አሁን እዚያው ከተማ ስሄድ ወጣቱ ጸጉሩን ከጎን ተላጭቶ ከላይ አሳድጎ አያለሁና ዞሮ ዞሮ ያው ነው እላለሁ። መናኸሪያው ጥግ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ሬዲዮው ማርሽ ሲያሰማ ዝቅ፣ አልፎ አልፎ የፍቅር ዘፈን ጣል ሲያደርግ ከፍ ታደርገው ነበር። ደንበኛው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አያነሳባትም። ከሻይ ቤቷ ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የባሻ ውብሸት የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረች።

እኔ ታንጉት ያኔ የጤና ጣቢያው የክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። ካኪ ሱሪና ነጭ ሸራ ጫማ አድርጌ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ሞተር ሳይክል እነዳለሁ። ሴት ሞተር ላይ ማየት ያልለመዱ አሮጊቶች መጀመሪያ መጀመሪያ ሳልፍ ያማትቡ ነበር፤ ቆይተው «ሐኪሟ፣ ወዴት ነሽ ዛሬ?» ማለት ጀመሩ። ሞተሩ ከንጉሡ ጊዜ ፖሊሶች የተረፈ ነው። ጥቁር የነበረው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ አረንጓዴው በተፋቀበት ሁሉ ጥቁሩ ያሾልቃል። ከባድ ነው፣ ሲወድቅ ብቻዬን አላነሳውም፤ ግን በክረምት ጭቃ መኪና ቆሞ በሚቀርበት እሱ እያጉረመረመ ያልፋል።

በዚያ ዓመት፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ከስማዳ ክፉ ወሬ መጣ። ከወገዳ ቁልቁል ወደ ቆላው በሚወስደው መንገድ ባለች መንደር ኩፍኝ ገብቶ ሕዝቡ ሕፃናቱን መቅበር ጀምሯል ተባለ። የጤና ጣቢያው መኪና ለዘመቻ ተወስዷል። ላምባ የሚጠጣው ማቀዝቀዣችን ክረምቱን ሙሉ ታሞ ነበር። ስለዚህ ክትባቱ ከደብረ ታቦር በረዶ በሞላበት ሣጥን በአውቶቡስ ይመጣል፣ እኔ ከአውቶቡሱ ተቀብዬ በሞተር አደርሰዋለሁ፤ የተባለው ይህ ነው። በበቅሎ እንዳይሄድ በረዶው መንገድ ላይ ያልቃል፤ በረዶው ካለቀ ደግሞ ክትባቱ ውኃ ነው።

አውቶቡሱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተሩን ልሞክር ብዬ ወደ ደብረ ታቦር መውጫ ያለውን ዳገት ስጀምር ጉልበት ከዳው። ከላይ በኩል ፍስ ፍስ የሚል ትንፋሽ ይወጣል፣ ሱሪዬ ላይ ጥቁር ዘይት ይረጫል። እየገፋሁ ባሻ ውብሸት ዘንድ አመጣሁት።

ባሻ ውብሸት አሥመራ፣ በጦሩ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ መካኒክ ናቸው። ለመኪና ዕቃ ሁሉ የጣሊያን ስም ያውቃሉ፣ ስሙን ያሳሳተባቸው ሰው ቀኑን ሙሉ ይሰደባል። ከከተማው ግማሽ ጋር ተጣልተዋል፤ ከቀሪው ግማሽ ጋር ያልተጣሉት ጊዜ አጥተው ነው። ሞተሩን አንድ ጊዜ አስነስተው ሰሙና አጠፉት። «ቴስታታው ነው» አሉ። ቴስታታ እሳቱ የሚነድበትን ሲሊንደር ከላይ የሚዘጋው የብረት ክዳን ነው፤ መሐሉ ላይ ካንዴላ፣ እሳቷን የምትጭረው፣ የምትገባበት ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ የቡሎን ቀዳዳዎች አሉት።

ክዳኑን ፈትተው፣ ጥቀርሻውን ፍቀው፣ በሽቦ አንጠለጠሉትና በማንኪያ መቱት። ዷ አለ፣ እንደ ተሸነቆረ ድስት። ቀጥለው ከመደርደሪያ የሌላ ሞተር ቴስታታ አውርደው መቱ፤ እሱ ረጅም ድምፅ ሰጠና ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሰማሽ?» አሉኝ።

«ሰማሁ። ግን የት ጋ ነው የተሰነጠቀው? ምንም አይታየኝም።»

«ጠይቂ፣ ጠይቂ። እኔም እሱን ነው የምፈልገው።»

ላምባ በብሩሽ ቀቡትና ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ በጨርቅ አድርቀው፣ ከመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ያስመጡትን ጠመኔ አድቅቀው ነሰነሱበት። ትንፋሼን ይዤ አየሁ። ከነጩ ዱቄት ላይ፣ ከካንዴላው ቀዳዳ ጀምሮ፣ ፀጉር የመሰለ እርጥብ መስመር ቀስ ብሎ ወጣ። ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ የተደበቀው ላምባ ነው ተመልሶ ጠመኔውን የሚያረጥበው። መስመሩ መሐል ላይ ሲደርስ ደበዘዘና ቆመ። ባሻ እዚያ ላይ በሚስማር ምልክት ጫሩ። «መጨረሻው ላይ ቀዳዳ እበሳለሁ። ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ መሄጃ ያጣል።»

ነገሩ እውነት ለመናገር ከሞተሩ ይልቅ ያዘኝ። «ባሻ፣ እዚህ ማለቁን በምን አወቁ?»

«ላምባው ቆመ።»

«ላምባው የቆመው ስንጥቁ ስላለቀ ነው ወይስ በጣም ቀጥኖ እርጥበቱ ስለማይታየን?»

ቴስታታውን አነሱና ወደ ብርሃን አዞሩት። «ቀለም ያለው ነገር ቢሆን ይታይ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «እንደ ላምባ የሚሰርግ፣ ግን ቀለም ያለው።»

እኔ ያን ጊዜ ጣቶቼን አየሁ። ጠዋት የአንዲት ሕፃን አፍ ቀብቼ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ፤ ጂቪ፣ አልኮልና ጥጥ ይዤ ተመለስኩ። ባሻ ቴስታታውን ከላምባው አጽድተው፣ በከሰል ላይ ለብ አድርገው፣ ቀዝቀዝ ሲል አቀረቡልኝ። ቀባሁት። ሻይ ቤት ገብተን ሻይ ጠጣን፤ እሳቸው ሦስት ጊዜ እየተነሡ በበሩ አጮልቀው አዩት። ከዚያ በአልኮል በራሰ ጥጥ ላዩን ጠርጌ ጠመኔውን ስነሰንስ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ግንባራችን ሊጋጭ ደረሰ። ሐምራዊው መስመር ከካንዴላው ቀዳዳ ተነሣ፣ የሚስማሩን ምልክት አለፈ፣ ጠመዝመዝ ብሎ ወደ ቡሎኑ ቀዳዳ አቅጣጫ ታጠፈና ሊነካው ጥቂት ሲቀረው አበቃ። ጫፉ እንደ እስክሪብቶ ጭረት ጥርት ያለ ነበር።

«ባልኩት ቦታ ብበሳው ኖሮ» አሉ ባሻ፣ «አልፎ ሄዶ ወገዳ ሳትደርሺ ለሁለት ይከፍልሽ ነበር።» አልተከፉም። እንዲያውም የቀረውን ጂቪ ወስደው፣ ጋራዡ ውስጥ የተጠራጠሩትን ብረት ሁሉ፣ የጭነት መኪና ዘንግ ሳይቀር፣ ሐምራዊ ሲያደርጉት አረፈዱ።

በዚህ መሐል ጓድ ዓለማየሁ መጣ። የወረዳው ካድሬ ነው፤ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት፣ ሳፋሪ ኮት ለብሶ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሚደረድር። ሰው ሲያየው ድምፁን ይቀንሳል።

«ጓድ ታንጉት፣ ይህ የሕዝብ ንብረት ነው። ሕፃናት እየሞቱ፣ ክትባት መንገድ ላይ እያለ ሞተር የሚሰበረው እንዴት ነው? አሻጥር ከሆነ ማን እንደሠራው ይጣራል።»

አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ ቀላል ቃል አልነበረም፤ ከዚያ ቃል በኋላ ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ባሻ ግን ቀና እንኳ አላሉም። «ይምጡና ይዩት» አሉት።

ጎንበስ ብሎ አየ። ነጩ ላይ ያለውን ሐምራዊ መስመር ሲያይ ካድሬነቱን የረሳው መሰለኝ፤ ጣቱን ሰድዶ ነካውና ጣቱ ተነከረ። «ይህ ራሱ ስንጥቁ ነው? እንዲህ የሚታጠፈው ለምንድን ነው?»

«ብረቱ ከሳሳበት ወደ ሳሳበት ይሄዳል። እኔን ያልገባኝ አጀማመሩ ነው» አሉ ባሻ። «እንዲህ ያለ ብረት በመንዳት ብቻ አይሰነጠቅም። እሳት ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ቢያፈሱበት ነው። የሞቀ ብርጭቆ ውኃ ሲነካው እንደሚሆነው። ማን አጠበው ሲግል?»

እኔ አውቅ ነበር። ጓድ ዓለማየሁ ሞተሩን ተውሶ አርብ ገበያ ከተማ ለስብሰባ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ጭቃውን ለማስለቀቅ ጤና ጣቢያው በር ላይ በባልዲ ውኃ ሲያስደፋበት፣ እንፋሎቱ እንደ ጉም ሲነሣ በመስኮት አይቻለሁ። ባሻ አላወቁም። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ማርሽ ይሰማል።

ጓድ ዓለማየሁ የተነከረ ጣቱን በመሐረቡ ጠረገ፤ አልለቀቀም። «እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ንጹህ ሆኖ ልመልሰው ብዬ ነው። አላወቅኩም ነበር።»

ባሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ፊቱን አዩት። «እንግዲያው ኮትዎን ያውልቁና ይያዙልኝ» አሉት። «ስበሳ የሚይዝልኝ ጠንካራ እጅ ያስፈልገኛል።» ጓድ ዓለማየሁ ሳፋሪውን አውልቆ ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ስለ አሻጥር ያነሣ የለም።

በእጅ በሚዞረው ትራፓኖ መጀመሪያ የስንጥቁን ጫፍ በሱ። ቀጥሎ ስንጥቁ መዘጋት አለበት። በጋዝ መበየጃ አልነበረም፤ ቢኖርም ይህን ብረት ካላወቁበት እሳቱ ያባብሰዋል አሉ። የፈለጉት መስፋት ነው፦ በስንጥቁ ላይ ቀዳዳ በስቶ፣ ጥርስ አውጥቶ፣ የነሐስ ቡሎን አጥብቆ አስገብቶ መቁረጥ፤ ቀጣዩን ቀዳዳ ያለፈውን ቡሎን ጠርዝ ነክሶ እንዲያልፍ አድርጎ መብሳት፤ እንዲህ እያሉ እንደ ሰንሰለት አያይዞ መጨረስ። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ሲመቱት ስንጥቁ ውስጥ ይሞላል። ግን ድፍን ነሐስ ከየት ይምጣ? የጥይት ቀለህ በየቦታው ሞልቷል፣ ስስ ነው። የቧንቧ መክፈቻ ፈታን፣ ውስጡ ክፍት ሆነ።

ባሻ ከጋራዡ ጎን ወዳለው ቤታቸው በር አዩ። ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን የአሥመራ ሴት ናቸው፤ ሲዳሩ ከእናታቸው ቤት ያመጡት የነሐስ አልጋ አላቸው፣ ራስጌውና ግርጌው ቀጫጭን ድፍን ዘንጎች የተደረደሩበት። በዚያ የጦርነት ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ እናታቸውን ካዩ ዓመታት አልፈዋል። ባሻ፣ ያን ሁሉ ስድብ የሚያውቁት ሰውዬ፣ ሚስታቸውን ለመጠየቅ አፈሩ። እትዬ ለተብርሃን ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀሙ ሁሉንም ሰምተዋል።

«ኩፍኝ ነው አላችሁ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡ። «አንድ ዘንግ ቁረጥ» አሏቸው ባላቸውን። «ከራስጌው ግን። ግርጌውን ስተኛ አየዋለሁ።»

ያን ዕለት እስኪመሽ፣ በማግሥቱም ከጠዋት ጀምሮ ሠሩ። አውቶቡሱ ከሰዓት በፊት ደረሰ፤ ሣጥኑን ተቀብዬ ጋራዡ ጥላ ውስጥ በእርጥብ ጆንያ ሸፈንኩት። ክዳኑን ለመክፈት እጄ እየበላኝ ታገሥኩ፤ በተከፈተ ቁጥር በረዶው ይቀልጣል። ጓድ ዓለማየሁ ቴስታታውን ሁለት እጁ እስኪደነዝዝ ይዞ ነበር። ባሻ የነሐሱን ሰንሰለት በትንሽ መዶሻ ጫፍ ጫፉን እየመቱ አሰፉት፣ ሞረዱት። ከዚያ የእትዬ ለተብርሃንን የግድግዳ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፈው፣ ክዳኑ ሜዳ እስኪሆን ፈተጉት። በክዳኑና በሲሊንደሩ መሐል የምትገባዋን የመዳብ ቀለበት በከሰል አግለው ውኃ ውስጥ ነከሯት፤ መዳብ ከብረት በተቃራኒ ሲግል ውኃ ቢነካው ይለሰልሳል እንጂ አይሰነጠቅም ብለው ለጓድ ዓለማየሁ አስረዱት። እሱም ፈገግ አለ፣ ከዚያ በፊት ጥርሱን አይቼው አላውቅም። በመጨረሻ እንደገና ጂቪ ቀባን፣ ጠረግን፣ ጠመኔ ነሰነስን። በግራጫው ብረት ላይ ቢጫ የነሐስ ስፌት እንጂ ሐምራዊ ነገር አልወጣም።

ሞተሩ ተነሣ። ባሻ ከኮርቻው በስተኋላ ሣጥኑን በጠፍር አስረው «ዳገት ከጨረስሽ ቁሚና ይብረድ። ወንዝ ሲደርስ ውኃ እንዳይነካው» አሉኝ። ሄድኩ። በየዳገቱ አናት እየቆምኩ መዳፌን ወደ ክዳኑ እያስጠጋሁ፣ እንደ በሽተኛ እያዳመጥኩ ወገዳን አልፌ ቁልቁለቱን ያዝኩ።

መንደሯን ከሩቅ ሳያት ሰው ነበረባት። ስቀርብ ግን ሰዎች ከየቤቱ እየወጡ ሲሮጡ አየሁ፤ ሴቶች ልጆች አዝለው ወደ ገደሉ፣ ጎረምሶች ወደ ጫካው። መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ። በዚያ አገር የሞተር ድምፅ የሚሰማው ወጣት ለመመልመል፣ ለጦርነት ለመውሰድ ሲመጣ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሦስት ሰው የደከመበትን ሞተር አጠፋሁት። ዝም ብዬ፣ ያን ከባድ ብረት እየገፋሁ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ ወደ መንደሩ ገባሁ። ያልሮጡት አንዲት አሮጊትና አንድ ቄስ ነበሩ። የቄሱን መስቀል ተሳልሜ «አባ፣ ለልጆቹ መድኃኒት ነው፣ በረዶው ሳያልቅ ይጥሯቸው» አልኩ። ሣጥኑን ስከፍት የቀረው በረዶ የእንቁላል ያህል ነበር፤ ጠርሙሶቹ ግን ቀዝቃዛ ናቸው። ቄሱ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ስም እየጠሩ ጮኹ። እናቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዷ ሁለት ልጆች እንደነበሯት፣ አንዱን በዚያው ሳምንት እንደቀበረች ነገረችኝ፤ ሌላውን አስከተበችና መርፌውን ስነቅል «ይኼኛው ይቀርልኛል?» አለች። «ይቀርልሻል» አልኳት፣ እግዜር አሳፍሮኝ አያውቅም በዚያ ነገር፤ ቀረላት።

ለሁለተኛው ዙር ስመለስ አጨዳው ደርሶ ነበር። መንደሯ ስትታይ እንደ መጀመሪያው እንዳይሸሹ ሞተሩን ላጠፋ እጄን ስሰድ ከሩቅ ሴቶች አየሁ፤ አልሮጡም፣ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ መንገዱ እየወረዱ ነው። ያቺ እናት ከፊት ነበረች።

«በምን አወቃችሁኝ?» አልኳት።

«የእነሱ ሞተር ዝም ብሎ ነው የሚያጓራው» አለችኝ። «ያንቺ ያፏጫል።»

እኔ ልብ አላልኩትም ነበር። መካነ ኢየሱስ ተመልሼ ለባሻ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ሞተሩን አስነስተው ጆሯቸውን አስጠጉ። ከነሐሱ ስፌት በአንዷ ጥግ፣ ቀጭን፣ በጣም ቀጭን ፉጨት ይወጣል። መፍቻቸውን አንሥተው «አሁን እፈታዋለሁ፣ አንድ ቡሎን ጨምሬ ድምፁን አጠፋዋለሁ» አሉ። እጃቸውን ያዝኩ።

«ይተዉት ባሻ» አልኳቸው። «ያፏጭ።»